ያነሰን ቁጥጥር አይደለም፦ ስለ ትልልቅ የአይቲ ፕሮጀክቶች ለቀረበው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ጓደኞቼ ተላከልኝ። ሦስቱም ባንክ ውስጥ አይቲ ክፍል ነው የሚሠሩት። ሦስቱም "አንብበውና ምን ትላለህ?" ብለውኛል። ጽሑፉ ባንኮችና ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች የአይቲ ፕሮጀክታቸውን እንዴት ቢያደራጁ እንደሚሳካላቸው ይናገራል። ጸሐፊው ልምድ ያላቸው ሰው መሆናቸው ያስታውቃል፤ አማርኛቸውም ያምራል። ሐሳባቸው ላይ ግን ብዙ ቦታ አልተስማማንም። ሻይ እየጠጣሁ ማንበብ ጀምሬ ሻዩ ቀዝቅዞ ነው የጨረስኩት።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ልንገራችሁ። እንደ ጸሐፊው አባባል ፕሮጀክት የሚወድቀው ቁጥጥር ሲላላ ነው፤ ስለዚህ ከሁሉም በላይ የሚቀመጥ ጠንካራ የፕሮጀክት ጽሕፈት ቤት፣ ማለትም ፒኤምኦ፣ ይቋቋም። ተጠያቂነት እንዳይበታተን ሥራው በሙሉ ለአንድ ትልቅ ቬንደር፣ ማለትም ሲስተሙን ለሚያቀርብ ኩባንያ፣ ይሰጥ። ባለሙያ በየሙያው ይሰብሰብ፤ የዳታቤዙ ከዳታቤዙ፣ የኔትወርኩ ከኔትወርኩ፣ ቴስተሩ ከቴስተሩ ጋር። ሥራ ከዘገየ ሰው ይጨመር። የጎ-ላይቭ ቀን፣ ማለትም አዲሱ ሲስተም ሥራ የሚጀምርበት፣ ቀድሞ ተቆርጦ ይታወጅ፣ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን ይቀየር። አጃይል የሚባለው፣ ሥራን በትንንሹ እየሠሩ ቶሎ ቶሎ የማሳየት ዘዴ ደግሞ ለእኛ አገር አይሆንም። ከሥር አንድ የመዋቅር ሥዕል አያይዘዋል። ሳጥኖቹን ቆጠርኳቸው፤ 23 ናቸው።

እኔ ከአሥር ዓመት በላይ ባንክ ውስጥ ሠርቻለሁ። አንድ የኮር ባንኪንግ፣ ማለትም የባንኩን ሒሳብ ሁሉ የሚይዘው ዋና ሲስተም፣ ቅየራም ከመጀመሪያው ስብሰባ እስከ መጨረሻው ሌሊት አብሬ አሳልፌያለሁ። ባንኩን አልጠራም፣ አያስፈልግም። "ሲስተም የለም" የምትለዋን ቃል ከመስኮቱ ወዲያ ሆኜ ሰምቻታለሁ፣ ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜም ብያታለሁ። ስለዚህ የምጽፈው ከሜዳው ዳር ቆሜ አይደለም።

ከቁጥጥሩ ልጀምር።

የአሜሪካ መንግሥት ሄልዝኬር ዶት ጎቭ የሚባለውን የጤና መድን መመዝገቢያ የከፈተው ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን ጨርሰው የወጡት ሰዎች 6 ነበሩ። ስድስት ሺህ አላልኩም። ስድስት።

ይሄ ፕሮጀክት ቁጥጥር ጎድሎት ነበር? ሥራውን የሚመራው የሜዲኬርና ሜዲኬይድ አገልግሎቶች ማዕከል የተባለ የመንግሥት ተቋም ነው። ከበላዩ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት አለ፣ ከዚያ በላይ ዋይት ሀውስ አለ፣ ከጎን ደግሞ ኮንግረሱ ሰበብ ፍለጋ ዓይኑን ተክሎ ቁጭ ብሏል። ሪፖርት አልጎደለም። ማስጠንቀቂያም አልጎደለም። የሚኒስቴሩ የዋና ኢንስፔክተር ቢሮ በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ከጁላይ 2011 እስከ ጁላይ 2013 ባለው ጊዜ ፕሮጀክቱ መንገድ እየሳተ እንደሆነ የሚናገሩ 18 የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዎች ቆጥሯል። አሥራ ስምንት! ድረ ገጹ ሊከፈት ስድስት ወር ገደማ ሲቀረው ደግሞ ማኪንዚ የተባለው አማካሪ ድርጅት መጥቶ፣ የመወሰን ሥልጣን ያለው አንድ አካል እንደሌለ በግልጽ አቅርቧል። ሁሉም ሰማ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ሲስተሙን ከዳር እስከ ዳር አገናኝቶ መሞከር የተጀመረው ግን ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው።

እንግዲህ ጸሐፊው ይሄን ቤት ቢጎበኙ ምን ያዝዙ ነበር? አንድ ተጨማሪ ቢሮና አሥራ ዘጠነኛ ማስጠንቀቂያ?

ለእኔ ችግሩ ያለው ርቀቱ ላይ ነው። ነገሩን የሚያውቀው ሰው ከታች፣ የሚወስነው ሰው ከላይ፣ መሀል ላይ ስድስት ሰባት ሳጥን። መረጃው እያንዳንዱን ሳጥን ሲያልፍ ትንሽ ይለሰልሳል። ይሄን የምለው በራሴ ላይ ስለደረሰ ነው፤ ልናዘዝ። በእኛ ፕሮጀክት በየሳምንቱ የምንልከው ሪፖርት በትራፊክ መብራት ቀለም ነበር፦ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። የእኔ ክፍል የዳታ ዝውውር ነው። አንድ ሳምንት ላይ ከአሮጌው ሲስተም ያወጣነው ሒሳብና ወደ አዲሱ ያስገባነው ሒሳብ አልገጥም አለ። ቀይ ነበር፤ ቀይ ብቻ አይደለም፣ የሚጮህ ቀይ። እኔ ግን ቢጫ ብዬ ላክሁት፣ "በዚህ ሳምንት እናስተካክለዋለን" በሚል ተስፋ። አለቃዬ ቢጫውን "ወደ አረንጓዴ የተጠጋ" ብሎ አብራራው። ፕሮጀክቱን ከላይ የሚመራው ስቲሪንግ ኮሚቴ ዘንድ ሲደርስ አረንጓዴ ሆኗል። ማንም ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። እያንዳንዳችን ትንሽ ትንሽ ቀለም ቀባን እንጂ።

የሚገርመው፣ እውነቱን ሁላችንም እናውቀው ነበር። ታች ካፌ ማኪያቶ ላይ "ኧረ ይሄ ነገር አይገጥምም" እየተባባልን ነው የምንወጣው። የመሥሪያ ቤት እውነት የሚነገረው ስብሰባ ላይ አይደለም፣ ማኪያቶ ላይ ነው። ፒኤምኦ ማኪያቶው ላይ የለም።

ወደ አሜሪካኖቹ ልመለስ። ድረ ገጹን ለማዳን ጄፍ ዚየንትስ የሚባል ሰው በኃላፊነት ተሾመ፤ ከጉግል የሄደው ማይኪ ዲከርሰን ደግሞ የየዕለቱን ስብሰባ ያዘ። ስብሰባው በቀን ሁለቴ ነበር። ሦስት ሕግ ወጣለት። አንዱ፣ እዚህ የተሰበሰብነው ችግር ለመፍታት ነው፣ ጥፋተኛ ለመፈለግ ሌላ ቦታና ሌላ ጊዜ አለ። ሁለተኛው፣ የሚናገረው ማዕረጉ ትልቅ የሆነው ሳይሆን ጉዳዩን የሚያውቀው ነው። ሦስተኛው፣ የምናወራው በሚቀጥሉት 24 ወይም 48 ሰዓታት ስለሚጎዳን ነገር ብቻ ነው። በቃ። በሁለት ወር ውስጥ፣ ገጽ ለመክፈት 8 ሰከንድ ይፈጅ የነበረው ሲስተም ከ1 ሰከንድ በታች ገባ። ያው ሕዝብ፣ ያው መንግሥት፣ ከኮዱም አብዛኛው ያው ነው። አዋቂውና ወሳኙ አንድ ክፍል ውስጥ መግባታቸው ነው ትልቁ ለውጥ። ሁለተኛዋን ሕግ ግን እኛ አገር አንድ ስብሰባ ላይ ሞክሯት እስቲ። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ዝም ብሎ፣ ገና ሁለት ዓመት የሠራች ልጅ ስትናገር! እኔ አይቼ አላውቅም። ብናየው ግን ከ23 ሳጥን ይሻለናል።

ወደ ቬንደሩ እንለፍ።

ጸሐፊው ይሄን ምላሽ ካነበቡ፣ "ያነሳኸው ምሳሌ እኮ ለእኔ ነው የሚመሰክረው" ሊሉኝ ይችላሉ። እውነት አላቸው፣ በከፊል። ሄልዝኬር ዶት ጎቭ ላይ 60 ኮንትራት ለ33 ኩባንያ ተበትኖ ነበር። ሁሉንም የማገጣጠሙን ሥራ የመንግሥት ተቋሙ ራሱ ይዞት፣ እንዴት እንደሚያገጣጥም ግን አያውቅበትም። ነገሩ ሲበላሽም መጀመሪያ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ ኪውኤስኤስአይ የተባለውን የሜሪላንድ ኩባንያ አገጣጣሚ አድርጎ መሾም ነው። (ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የሐበሻ አይቲ ባለሙያ የሞላበት ሰፈር ስለሆነ፣ ይሄን የሚያነቡ አንዳንዶች ታሪኩን ከእኔ በላይ ሊያውቁት ይችላሉ፤ ከተሳሳትኩ አርሙኝ።) ስለዚህ አገጣጣሚ አንድ ይሁን የሚለው ላይ ተስማምተናል።

አለመስማማታችን የሚጀምረው፣ አገጣጣሚው ተገኘ ማለት ባለቤት ተገኘ ማለት እንደሆነ አድርገው ሲጽፉ ነው። የአሜሪካውን የፌዴራል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይን፣ እንይ። ኤፍቢአይ የወንጀል ምርመራ መዝገቦቹን ከወረቀት ለማላቀቅ የጀመረውን የመጀመሪያ ፕሮጀክት 170 ሚሊዮን ዶላር ካፈሰሰበት በኋላ በ2005 ጣለው። ከዚያ ልክ ጸሐፊው እንደሚሉት አደረገ። ሴንቲኔል የሚባለውን አዲስ ፕሮጀክት በ2006 ለሎክሂድ ማርቲን ሰጠ። አንድ ቬንደር፣ ትልቅ ቬንደር፣ የጦር አውሮፕላን የሚሠራ ቬንደር። ሥራው በአራት ምዕራፍ ተከፍሎ ጠቅላላ በጀቱ 451 ሚሊዮን ዶላር ሆነ። በ2010 ቆም ብለው ሲያዩ 405 ሚሊዮኑ ሄዷል፤ ያለቀው ከአራቱ ምዕራፍ ሁለቱ ነው። ገንዘቡ ሊያልቅ፣ ሥራው ገና መንገድ ላይ።

የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክም አለ። በ2018 ደንበኞቹን ወደ አዲስ ሲስተም ሲያሻግር ሥራውን የያዘው አንድ ድርጅት ነው፤ ያውም የራሱ የእናት ኩባንያው የአይቲ ክንፍ። ከዚህ በላይ አንድ አፍ ከየት ይመጣል? ግን ከዚያ ድርጅት ጀርባ 85 ሌሎች ኩባንያዎች ነበሩ። "ዝግጁ ናችሁ?" ተብለው ሲጠየቁ የጻፉት ደብዳቤ፣ በኋላ ጉዳዩን በመረመሩት የሕግ ባለሙያዎች ሲታይ፣ ብዙው "ዝግጁ እንሆናለን ብለን እናስባለን" ዓይነት ነው። ባንኩ ያንን "ዝግጁ ነን" ብሎ አነበበው። አንድ ቬንደር ስትይዝ የምትይዘው አንድ ፊት ነው። ከጀርባው ያለውን የሚያውቅ የራስህ ሰው ከሌለህ፣ ፊቱ ፈገግ ሲል አብረህ ፈገግ ትላለህ።

ኮንትራት ላይ ቅጣት ጻፉ፣ ይጻፍ። ግን ሲስተሙ ሲወድቅ ደንበኛው ቬንደሩ ቢሮ አይሄድም። የሚመጣው እኛው መስኮት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ባለሙያን በየሙያው መሰብሰብ። ጸሐፊው በዚህ ነጥብ ያለፉት በአንድ አንቀጽ ነው፤ ለእኔ ግን የነገሩ ሁሉ ሥር እዚህ ጋ ነው።

ክርክራቸው ይገባኛል። ጥሩ የዳታቤዝ ባለሙያ ብርቅ ነው። አንድ ባንክ ሁለት ቢኖሩት ነው፣ ሦስት ካሉት እድለኛ ነው። እነሱን በየፕሮጀክቱ ከመበተን አንድ ክፍል አስቀምጦ ሁሉም እንዲጠቀምባቸው ማድረግ ቆጣቢ ይመስላል። ማንም ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም ይላሉ።

ታሪኩን ልንገራችሁ። ቅየራው ላይ ነን። የቀን መዝጊያው ፕሮግራም፣ ማለትም ሌሊት ሌሊት ወለድ የሚያሰላውና ሒሳብ የሚዘጋው፣ ሙከራ ላይ ሊያልቅ አልቻለም። ማታ የጀመረው ጠዋት ቅርንጫፍ ሊከፈት ሲል ገና እየዞረ ነው። አንድ የእኛ ልጅ ሎጉን፣ ሲስተሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን፣ አይቶ ምክንያቱን አገኘው፦ አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ላይ ኢንዴክስ፣ ማለትም መረጃ ቶሎ ለማግኘት የሚረዳው ማውጫ፣ ጎድሏል። ኢንዴክሱን ለመጨመር ግን ሥልጣኑ የዳታቤዝ ክፍል ነው። ቲኬት፣ ማለትም የሥራ መጠየቂያ፣ ከፈትን። የዳታቤዝ ክፍሉ "የለውጥ ኮሚቴ ያጽድቀው" አለ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ያ ሐሙስ በዓል ነበር። በሚቀጥለው ሐሙስ "የሰርቨር ክፍሉ ቦታ መኖሩን ያረጋግጥ" ተባለ። ሌላ ቲኬት። እንዲህ እንዲህ እያለ 11 ቀን ሄደ። ኢንዴክሱ ሲጨመር የፈጀው 20 ደቂቃ ገደማ ነው። የዳታቤዝ ልጆቹ ሰነፎች አልነበሩም፤ እንዲያውም ከሁላችንም በላይ ያመሹ የነበሩት እነሱ ናቸው። የሁሉም ሰዎች ስለሆኑ የማንም ሰዎች አልነበሩም እንጂ።

"ማንም ሥራ አይፈታም" የሚለው ነገር ያለው ችግር ይሄ ነው። ሙሉ ታክሲ ፌርማታ ላይ አይቆምም። ቀኑ እስከ አፉ የሞላ ባለሙያም እንደዚያው ነው፤ አንተ እጅህን ዘርግተህ ትቆማለህ፣ እሱ ያልፍሃል። ባለታክሲው አትራፊ ነው፣ እሺ። አንተስ መቼ ትደርሳለህ?

ሌላም አለ። መልቪን ኮንዌይ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በ1968 የጻፈው አንድ ነገር አለ፤ አንድ ድርጅት የሚሠራው ሲስተም ዞሮ ዞሮ የድርጅቱን የራሱን የመነጋገሪያ መንገድ ነው የሚመስለው ይላል። እኛ ቤት በትክክል ሲፈጸም አይቻለሁ። የብድር ክፍሉና የካርድ ክፍሉ አይነጋገሩም ነበር፤ በድሮ ጠብ ነው፣ ምክንያቱን የሚያስታውስ እንኳ የለም። አዲሱ ሲስተም ላይም የብድሩና የካርዱ ሞጁል አልተነጋገሩም። የደንበኛው ስም ሁለት ቦታ፣ በሁለት ዓይነት ፊደል አጻጻፍ ተቀመጠ። ጠቡ ወደ ኮድ ተተረጎመ ማለት ነው።

የእኔ አማራጭ ይሄ ነው። ቡድኑ የሚደራጀው በአገልግሎቱ ይሁን። የብድር ቡድን፣ የተቀማጭ ቡድን፣ የካርድና የሞባይል ቡድን። እያንዳንዱ ውስጥ ኮድ የሚጽፍ፣ ዳታቤዝ የሚያውቅ፣ የሚሞክር፣ ከቬንደሩ የመጣ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከቅርንጫፍ የመጣ ሰው ይኑር። እነሱ ላይ አንድ የባንኩ ሰው ይሾም፤ "ይሄ ይቅር፣ ያ ይቅደም" የማለት ሥልጣን ያለው፣ ለእያንዳንዷ ነገር ወደ ኮሚቴ የማይሮጥ። ሰርቨርና ኔትወርክ፣ ደኅንነትም ጭምር፣ በጋራ ቢያዙ ችግር የለም፤ እነሱን በየቡድኑ መበተን እብደት ነው። የዳታቤዝ ባለሙያው ሁለት ብቻ ከሆነስ? ሰኞና ማክሰኞ ብድር ክፍል ውስጥ ወንበር ይዞ ይቀመጥ፣ ረቡዕና ሐሙስ ተቀማጭ ክፍል። ቲኬት ተቀባይ ሳይሆን ጎረቤት ይሁን። አንዳንድ ቀን ሥራ ይፈታል፣ አዎ። ይፍታ። ከ11 ቀን ጥበቃ ይረክሳል።

ከቅርንጫፍ የመጣ ሰው ያልኩትን ዝም ብዬ አላልኩም። እኛ ጋ ቡድኑ ውስጥ ዘግይታ የገባች አንዲት የቅርንጫፍ ኦፕሬሽን ኃላፊ ነበረች። አሮጌው ሲስተም የደንበኛን ስም በአንድ መስመር ነው የሚይዘው፤ አዲሱ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ በሦስት ይፈልጋል። እኛ ክፍተቱን እያየ የሚቆርጥ ፕሮግራም ጻፍን። ጎበዝ ነን ብለን። እሷ ስክሪኑን አየችና "ገብረ ሥላሴን ምን አደረጋችሁት?" አለች። ገብረ አንድ ቦታ፣ ሥላሴ ሌላ ቦታ ሄደዋል። ወልደ ሚካኤልም እንደዚያው፣ ኃይለ ማርያምም እንደዚያው። የአባት ስም ቦታ ላይ "ሥላሴ" የተባሉ ደንበኞች በሺዎች ተሰልፈዋል። ከዚያ ቀጥላ "ወይዘሮ" የሚለውን ማዕረግ ስም አድርገን የመዘገብናቸውን አሳየችን። ይሄን ከቬንደሩ ማንም ሊያውቀው አይችልም። ከእኛም ሐበሾች ሆነን ያሰበው የለም! እሷ ወደ ክፍሉ የገባችው በስምንተኛው ወር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ብትገባ ኖሮ እያልኩ አሁንም እቆጫለሁ። ጸሐፊው ስለ ዳታ ጽዳት የጻፉት ጥሩ ነበር፣ እስማማለሁም። ማን ያጽዳው የሚለውን ግን አልነገሩንም።

ሥራ ሲዘገይ ሰው ይጨመር የሚለው ላይ ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ብለዋል። ሲያብር ነው እንጂ ሲወሳሰብ አንበሳ ቀርቶ ግልገል አያስርም። ቁጥሩን እዩት። 5 ሰዎች እርስ በርስ ለመነጋገር 10 መስመር ይፈልጋሉ። 10 ሰዎች 45። 20 ሰዎች 190። ሰው እጥፍ ሲሆን ወሬው አራት እጥፍ አካባቢ ይሆናል። አዲስ የመጣውን የሚያስተምረው ደግሞ ያው ሥራው ላይ ያለው ሰው ነው፤ ስለዚህ የዘገየው ሥራ በሠሪ እጦት ይብስ ይዘገያል። እኛ ጋ በመጨረሻው ሩብ 14 ሰው ተጨመረልን። መጀመሪያ ያጣነው ነገር ወንበር ነው።

ኤፍቢአይ በ2010 ያደረገው የዚህ ተቃራኒ ነው። ሥራውን ከሎክሂድ ተረክቦ ራሱ መምራት ጀመረ። ሴንቲኔል ላይ የነበሩትን የቬንደሩን ሠራተኞች ከ220 ወደ 40፣ የራሱን ከ30 ወደ 12 አወረደ። አንድ ላይ አስቀመጣቸው። በየሁለት ሳምንቱ የሚሠራ ነገር እንዲያሳዩ አደረገ። ሲስተሙ በጁላይ 2012 ሥራ ጀመረ፣ ከ451 ሚሊዮኑ ሳያልፍ። ለእውነት ስንል፣ በገቡት ቃል ቀን አልደረሱም፤ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ዘግይተዋል፤ በኋላም ተጠቃሚዎች መፈለጊያው ላይ አጉረምርመዋል። ቢሆንም 220 ሰው ሆኖ ግማሽ መንገድ የቀረው ሥራ፣ ሰው ሲቀነስ አለቀ።

የጎ-ላይቭ ቀን።

እዚህ ጋ ጸሐፊውን ትንሽ እከራከራቸዋለሁ፣ ምክንያቱም ምክራቸው አደገኛ ነው። ቀን ይቆረጥ፣ ይታወጅ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየተቆጠረ ሥራው ይደልደል ይላሉ። ቲኤስቢ ያደረገው ልክ እሱን ነው። እንዲያውም ጉዳዩን የመረመረው ሪፖርት አንዱ ትችቱ ይኸው ነበር፤ ዕቅዱ ሥራው ስንት ጊዜ ይፈልጋል ብሎ አልተነሣም፣ ቀኑን ይዞ ወደ ኋላ ነው የሄደው። ጊዜ ሲያጥር የሚቆረጠው ምንድን ነው? ሙከራ ነዋ! ሁለት የዳታ ማዕከል ነበራቸው፤ የጭነት ሙከራው፣ ማለትም ብዙ ሰው ባንዴ ሲገባ ሲስተሙ ይችል እንደሆነ ማየቱ፣ የተደረገው በአንዱ ላይ ብቻ ነው። በኤፕሪል 2018 አንድ ቅዳሜና እሑድ 5.2 ሚሊዮን ደንበኛ ተሻገረ። 1.9 ሚሊዮን ያህሉ ሒሳባቸው ውስጥ መግባት አቃታቸው፤ ነገሩ ሙሉ በሙሉ የተስተካከለው በዲሴምበር ነው። ዋና ሥራ አስፈጻሚው በሴፕቴምበር ለቀቁ። በ2022 ተቆጣጣሪዎቹ ባንኩን 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት፤ በ2023 የአይቲ ኃላፊው በግላቸው ሌላ ቅጣት ከኪሳቸው ከፈሉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለዚህ ነው።

እኛም ቀን ነበረን። የበጀት ዓመት መዝጊያን ተከትሎ፣ የቦርድ ሰብሳቢው በአንድ ዝግጅት ላይ ቀድመው ያወጁት። አንዴ ከታወጀ በኋላ "አልደረስንም" ማለት ሥራን ሪፖርት ማድረግ መሆኑ ይቀራል፤ ሰውን ማሳፈር ይሆናል። ስለዚህ ማንም አላለም። የእኔ ቢጫ ቀለም ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ?

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይላል የአገራችን ሰው። መጀመሪያ የሠራተኞች ሒሳብ ይሻገር፣ ከዚያ አንድ ቅርንጫፍ፣ ከዚያ አሥር፣ ከዚያ አንድ ከተማ። አሮጌው ሲስተም እንደቆመ ይቆይ። ይሄ በነፃ አይመጣም። ሁለት ሲስተም ጎን ለጎን ማሠራት ማለት ከአሮጌው ቅርንጫፍ ወደ አዲሱ የተላከ ገንዘብ ሌሊት ሌሊት መታረቅ አለበት ማለት ነው፣ ለወራት። አሰልቺ ነው። ሰው ያደክማል፣ የሶፍትዌር ፈቃድ ሁለቴ ያስከፍላል። ግን አንድ ቅርንጫፍ ሲበላሽ አንድ ሥራ አስኪያጅ ነው የሚደውልልህ። ሁሉም ሲበላሽ ሬዲዮ ነው የሚደውልልህ። በሕግ የተቆረጠ ቀን ካለ ግን ሌላ ነው፤ ያኔ ቀኑ አይነካም፣ የሚቀነሰው የሥራው ስፋት ነው። ሄልዝኬር ዶት ጎቭ ቀኑ በእጁ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ቀን ምን ቢቀር ይሻላል የሚለውን መምረጥ ግን ይቻል ነበር።

አጃይል ለእኛ አይሆንም ለሚለው መልሴ አጭር ነው። ጸሐፊው ያዩት አጃይል እኔም ያየሁት ከሆነ፣ አብሬያቸው አልቅሻለሁ። ጠዋት ጠዋት 45 ደቂቃ ቆሞ ለአለቃ ሪፖርት ማቅረብ፣ ግድግዳ ላይ ባለቀለም ወረቀት መለጠፍ፣ ከዚያ ወደ ቲኬቱ መመለስ። እሱ ለማንም አይሆንም። በየሁለት ሳምንቱ የሚሠራ ነገር ከፍቶ ለቅርንጫፍ ሰው ማሳየት ግን ባህል አይጠይቅም፣ ፕሮጀክተርና ድፍረት ነው የሚጠይቀው። ገብረ ሥላሴ ለሁለት መቆረጡ የተገኘው እንደዚያ ባለ ማሳያ ላይ ነው፣ በማንም ሪፖርት ላይ አይደለም።

መጨረሻ ላይ ጸሐፊው አንባቢው ሥዕላቸውን ወስዶ በየድርጅቱ እንዲያስተካክለው ጋብዘዋል። ግብዣውን ተቀብዬ አንድ ምሽት ተቀመጥኩበት። 23ቱን ሳጥኖች አንድ በአንድ አየሁ። ስድስቱ ኮሚቴዎች ናቸው። አራቱ የሚያስተባብሩ፣ ሦስቱ አስተባባሪዎቹን የሚያስተባብሩ። ቬንደሩ የራሱ ሰፊ ሳጥን አለው። ያቺን የቅርንጫፍ ሴትዮ የማስቀምጥበት ፈለግሁ። ከታች በነጠብጣብ መስመር የተያያዘች፣ "ተጠቃሚዎች" የምትል አንዲት ሳጥን አገኘሁ፤ መስመሯ የሚሄደው ወደ ሥልጠና ክፍሉ ነው።